ሙት ዓመትን በወጉ ለመዘከር፦ ከሦስት ወር በፊት የሚጀመር ዝግጅት

በሰሜን ሸዋ ለቅሶ ባለቤት አያጣም። ሰው የሞተ ዕለት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ዘመድ እዝን ይዞ ከያለበት ይደርሳል። ሐዘንተኛው ምን ይብላ፣ ማን አጠገቡ ይደር ብሎ የሚጨነቅለት ሰው ሞልቷል። ሙት ዓመት ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ቀን የሚቆርጠው፣ ካህናት የሚያነጋግረው፣ ጠላ የሚያስጠምቀው፣ ሐውልት የሚያሠራው ቤተሰቡ ነው።

ብዙ ቤት የማየው ታዲያ ይሄ ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም በሰንጋና በጠላ ላይ ያልቃል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል። ስለ ሟቹ ግን አንድም ነገር ሳይነገር ቀኑ ይመሻል። የልጅ ልጆቹ ፎቶውን አይተው ይወጣሉ፤ ማን እንደነበረ አይሰሙም። ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ስሙንና ታሪኩን፣ ቀጥሎ ጸሎቱንና መቃብሩን፣ ድግሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያደርጋል።

የምጽፈው በአብዛኛው ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ዱዓውንና ሰደቃውን የራሳችሁ ሸህ ያውቁታል፤ ስለ ሕይወት ታሪክ፣ ስለ ማስታወቂያና ቆሞ ስለሚቀር መታሰቢያ የምለው ግን ለእናንተም ይሆናል።

ቀኑን ቁረጡ

ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ጸሎት የምታደርስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ከዚያም ሰባት ዓመት። ብዙው ቤተሰብ ተዝካሩን በአርባ ወይም በሰማንያ ያወጣል። ሙት ዓመት ግን ሐዘኑ ትንሽ የበረደበት፣ ሩቅ ያለ ዘመድም ትኬት ቆርጦ የሚመጣበት ነው። በአደባባይ ለመዘከር የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ሦስት ወር ሲቀረው ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የቀኑን አቆጣጠር እሳቸው ይንገሯችሁ። ቀኑ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ጸሎቱን በዕለቱ አድርሳችሁ እንግዳውን ለቀጣዩ እሑድ መጥራት የተለመደ ነው። ማንም አይቀየምም።

ጾሙን ተመልከቱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ነቢያትና ፍልሰታም አሉ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለም ድግሱ የጾም ይሆናል። የጾም ድግስ ደግሞ ምንም ነውር የለበትም፤ ሹሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ በደንብ ከተሠራ ከሥጋ አያንስም፤ ወጪውም ይቀንሳል። የጾም ቀን ላይ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ የምሳ ሰዓታችሁን በዚያ ልክ ግፉት። ሰሙነ ሕማማት ላይ ከወደቀ ግን ማዛወር ግድ ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። የሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ፍትሐት የሚደረገውም በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፍ ሰው እንዲሆን ተብሎ ነው።

ጳጉሜን 6 ያረፈ ሰው ቀኑ የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው። በጳጉሜን 5 ታስቡታላችሁ ወይስ በሌላ ቀን፣ አሁኑኑ ከካህኑ ጋር ወስኑና ጻፉት።

ወቅቱንም አስቡ። ከመንዝ ወይም ከተጉለት ገጠር የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው መንገድ ይዘጋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የጅሩና የምንጃር ገበሬ አጨዳ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ለሽማግሌ አይቻልም።

ቤተሰቡን ሰብስቡ፣ የወጪውን ጣሪያ አውጡ

አንድ ስብሰባ ይበቃል። ሦስት ነገር ይወሰን። ስንት ብር አለን? ማን ምን ይይዛል? ከድግሱ ሌላ ምን ቆሞ ይቀራል?

ጣሪያውን ስታወጡ በእጃችሁ ባለው ብር ብቻ አስሉ። ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ በሬ ሽጦ፣ መሬት አከራይቶ ተዝካር ያወጣ ቤተሰብ ስንት ዓመት እንደሚማቅቅ አገሩ ያውቀዋል። ሟቹ ራሱ በሕይወት ቢኖር ልጆቹ ለእሱ ብለው ዕዳ ውስጥ ሲገቡ ዝም ብሎ አያይም ነበር። «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ በስብሰባው ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሰው «ጸበል ጻዲቅ ይበቃል» ብሎ ይቁረጠው። ቃሉ ከትልቅ ሰው ሲወጣ ይከበራል።

ሥራ ስትከፋፈሉ ለታሪኩ አንድ ሰው፣ ለሐውልቱ አንድ ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሰው፣ ለወጥ ቤቱ አንድ ሰው ስጡ። ሁሉንም ነገር ለታላቋ እህት መጫን ይቅር። ሐዘኑ እሷም ላይ አለ።

የሕይወት ታሪኩን ጻፉ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ለቀብር የሚጻፈው የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት፣ በእንባ መካከል ነው የሚጻፈው። ስሕተትና ጉድለት ቢኖርበት አይገርምም። ለሙት ዓመቱ የሚነበበው ግን ተጣርቶ፣ ተጠይቆ፣ ተስተካክሎ መሆን አለበት። የሚቀረው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ቁጠሩ። በዕድሜ የገፉትን አስቀድሙ፤ ነገ ላይገኙ ይችላሉ። አክስት፣ የልጅነት ጓደኛ፣ የክርስትና ልጅ፣ የጽዋ ማኅበር አባል፣ አብሮ የሠራ ሰው። ቤታቸው ሂዱ። ቡና ይፈላ፤ ስልኩን መቅረጫው ላይ አድርጋችሁ ምንጣፉ ላይ አስቀምጡት። እንደምትቀርጹ ግን ንገሯቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

«እንዴት ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደግ ነበሩ» ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ። ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? ማንን አሳደጉ? ከማን ጋር ተጣልተው በማን ሽምግልና ታረቁ? የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ወይም የመጀመሪያ ምርታቸውን ምን አደረጉበት? መንገድ ሲሄዱ ምን ይይዙ ነበር? አንድ ጥያቄ በደንብ ከተመለሰ ሌላውን ራሱ ይጎትተዋል።

የልደት ዘመን ብዙ ጊዜ ያከራክራል። የድሮ ሰው የተወለደበትን ቀን አይጽፍም። መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜም ለጡረታ ወይም ለሥራ ተብሎ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአገር ነገር አመሳክሩ። ጣልያን ሲገባ በ1928 ተወልደው ነበር ወይ? በ1933 ጣልያን ሲወጣ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይ? በ1953 የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አግብተው ነበር ወይ? አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ስንተኛ ልጃቸውን ወልደው ነበር? ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ነጥብ ካገኛችሁ ዓመቱ ይጠባል። ካልጠበበ «በ1930ዎቹ መጀመሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ያላወቃችሁትን ቀን ፈልስፋችሁ ድንጋይ ላይ አታስቀርጹ።

የቦታ ስምም እንደዚያው ነው። በድሮ ሰነድ ላይ መንዝና ግሼ አውራጃ፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። የዛሬ ልጅ ግን የሚያውቀው ወረዳውን ነው። ሁለቱንም አስቀምጡ። ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን አጥቢያውንም ጻፉ፤ የቀበሌ ስም ይለዋወጣል፣ አጥቢያ ግን አይጠፋም። መንዞች ደግሞ ዘር ስትቆጥሩ በአባትም በእናትም በኩል ቁጠሩ። ርስት በሁለቱም በኩል ይወረስ በነበረበት አገር፣ የእናት ወገን ታሪክም እኩል ክብደት አለው። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት የመንዝ ክፍሎች ዛሬም በወረዳ ስም ላይ ተጽፈው ይጠራሉ። ስም ሲጻፍ እንዲህ ነው የሚቆየው።

አሁን ወደ አጻጻፉ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በየመታሰቢያው ሰምታችኋል፦ «ወይዘሮ እገሊት ሩህሩህ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሁሉ የተወደዱ እናት ነበሩ።» ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። ይህን ደግሞ ተመልከቱ፦ «በ77ቱ ድርቅ ከቆላ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣውን ሰው ቤታቸው ያሳድሩ ነበር። ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ሳይቀር ቆልተው አበሉት። በዓመቱ የዘሩት ከወንድማቸው ተበድረው ነው።» እዚህ ውስጥ «ደግ» የሚል ቃል የለም። ሰሚው ግን ሴትየዋን ያያታል። ከየሽማግሌው ቤት የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሦስት ካገኛችሁ ታሪኩ ተጽፏል ማለት ነው።

ተነቦ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ሰዓት ያዙ። ረጅሙን ቅጂ ለቤተሰቡ አስቀሩት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ቤተሰብን የሚያቀያይመው የስም ዝርዝር ነው። ከመጀመሪያ ትዳር የተወለደ ልጅ፣ በልጅነቱ የሞተ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ተወስዶ ያደገ ልጅ፣ ሁሉም ስሙ ይጠራ። ማን ይቅር፣ ማን ይግባ የሚል ክርክር ካለ ከመነበቡ ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ ይቋጭ። ድንኳን ውስጥ ስሙ ሲታለፍ የሰማ ልጅ ያንን ቁስል ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ሟቹ አርበኛ ወይም የአርበኛ ልጅ ከሆነ በማን ሥር፣ የት እንደተዋጋ አጣሩ። ሸዋ ውስጥ ብዙዎቹ በራስ አበበ አረጋይ ሥር የነበሩ ናቸው። የምስክር ወረቀት ወይም ሜዳልያ ካለ ፎቶ አንሱት። ይህን ይዛችሁ ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን በከተማችሁ ያለውን የአርበኞች ማኅበር ብታነጋግሩ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ደብረ ሊባኖስን አስቡ። በግንቦት 1929 ፋሺስት ጣልያን ከፈጃቸው መነኮሳትና ምእመናን የብዙዎቹን ስም ዛሬ መጥራት አንችልም። የሚጠራቸው ዘመድ ነበራቸው፤ ግን የጻፈላቸው አልነበረም።

ፎቶና ማስታወቂያ

ፎቶ ስትመርጡ የታመሙበትን ወይም የሳጥን ፎቶ ተዉ። በደህናው ጊዜ፣ በራሳቸው ልብስ፣ ፊታቸው በደንብ የሚታይበትን ውሰዱ። የድሮ ፎቶ ከሆነ በስልክ ሳይሆን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በስካነር አስነሱት። ባነር ላይ ሲተልቅ ይፈርሳልና ጥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቲሸርት ማሳተም አሁን በከተማው ተለምዷል። ወጣቶቹ ከፈለጉ መልካም ነው፤ ግን ከጣሪያው ገንዘብ ውስጥ ይሁን።

ማስታወቂያው ላይ አምስት ነገር አይጉደል። ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም፣ ቀን ከነዕለቱ («እሑድ ጥር 20» እንደሚባለው)፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ የሚኬድበት ቤት ከነምልክቱ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሆነ ቀበሌውን ብቻ አትጻፉ፤ ሰው የሚያውቀውን ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ ጨምሩ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹለት፤ 12 ሰዓት ብላችሁ እኩለ ቀን ላይ የሚጠብቅ አለ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እንደገና ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት አውጡ። ለገጠሩ ዘመድ ግን ይህ አይበቃም። ሰው ላኩ፤ ወይም በአጥቢያው ከቅዳሴ በኋላ አስነግሩ። ለትልቅ ሰው በቴሌግራም ጥሪ መላክ ወግ አይደለም፤ ቢያንስ ይደወልላቸው።

ሐውልቱ

የመቃብር አፈር ይሰምጣል። በተቀበሩ በወሩ ከባድ አርማታ የጫኑበት መቃብር ክረምቱ ሲያልፍ ይሰነጠቃል ወይም በአንድ ጎኑ ያጋድላል። ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፍበት። ሐውልት በሙት ዓመት መመረቁ በዚህም በኩል ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ሰበካ ጉባኤውን ጠይቁ። የስፋትና የከፍታ ልክ፣ ክፍያም ሊኖር ይችላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቅጽሩ ለሁሉም ነው፤ የጎረቤት መቃብር ላይ የሚወጣ ግንብ መጥፎ መታሰቢያ ነው።

በእኛ ደጋ ላይ ድንጋይን የሚጎዳው ውሃና ውርጭ ነው። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ሌሊት በረዶ ሲሆን ይገፋል፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስለዚህ የሐውልቱ ላይኛው ገጽ ጠፍጣፋ አይሁን፤ ውሃ የሚያወርድ ትንሽ ዘንበል ይኑረው። መጋጠሚያዎቹ በደንብ ይደፈኑ። እብነ በረድና ግራናይት ውድ ናቸው፤ በደንብ የተጠረበ ያገሩ ድንጋይ ግን ብዙ ትውልድ ይሻገራል። እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ። ፎቶ ካደረጋችሁ በሴራሚክ ላይ የታተመ ይሁን። በመስተዋት ሥር የሚገባ ወረቀት ሁለት ክረምት አይችልም።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የክርስትና ስም፣ የተወለዱበት ቦታና ዘመን፣ ያረፉበት ቀን። ከመዝሙረ ዳዊት «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» (የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል) የሚለውን ብዙዎች ያስቀርጻሉ። ከዚህ በላይ አንድ መስመር መጨመር ከፈለጋችሁ ከሠሩት ሥራ አንዱን አስቀምጡ። «የዚህ አጥቢያ መሪጌታ»፣ «ለ30 ዓመት መምህርት» እንደማለት ነው።

ለጠራቢው በእጅ ጽፋችሁ ወይም በስልክ ነግራችሁ አትስጡ። በኮምፒውተር አስጽፋችሁ፣ በትልቁ አሳትማችሁ ስጡት። ከዚያ አንድ ቀን እዚያው ሥራ ቦታው ሂዱ። ጠራቢው ፊደሉን በቾክ ነድፎ ሲጨርስ፣ መሮውን ሳያነሳ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ከወረቀቱ ላይ አንዱ ፊደል በፊደል ያንብብ፤ ሌላው ድንጋዩ ላይ በጣቱ ይከተል። «ኅዳር» በየትኛው ኀ ነው የተጻፈው? «ሐምሌ»ስ? «ወልደ» ላይ ደ አልተዘለለችም? የግእዝ ቁጥር ካለ ፮ እና ፯ አልተቀያየሩም? ቾክ በጨርቅ ይጠፋል። የተቀረጸ ፊደል ግን ሌላ ድንጋይ መግዛት ነው። ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆች ብላችሁ የፈረንጅ ዘመን ከጨመራችሁ «እ.ኤ.አ.» በሉበት፤ ያለዚያ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይዛባል።

አስከሬናቸው ሌላ አገር ያረፈ፣ ወይም ያልተገኘ ሰዎችም አሉ። ለእነሱ መቃብር አጠገብ ቆሞ መጸለይ አይቻልም። ፎቶአቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ የለመዱትን ዱላ ወይም መጽሐፍ በክብር ቦታ አስቀምጡ። ድሮም ጦር ሜዳ ለቀረ ሰው በልብሱና በመሣሪያው ይለቀስ ነበር። ጸሎቱ እንደማንኛውም ይደርሳል፤ የክርስትና ስማቸው ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያኑ

ይህ አጭር ነው፤ ካህናቱ ሥራቸውን ያውቃሉ። የእናንተ ድርሻ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ መገበሪያውን ስንዴና ዘቢብ፣ ዕጣኑን፣ ጧፉን አስቀድሞ ማድረስ ነው። ዳዊት የሚደግሙ ካህናት ስንት እንደሆኑ፣ መቃብሩ ላይ ጸሎት ይደረግ እንደሆነ ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋገሩ። አጥቢያው የአብነት ተማሪዎች ካሉት ለእነሱም አስቡ። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ናቸው። አንዳንድ ቤተሰብ ከምሳው በተጨማሪ ብርድ ልብስ ወይም ባና ይሰጣቸዋል። ለደጋው ብርድ ከዚህ የተሻለ ጽድቅ አላውቅም።

ድግሱ

ጠላው ቀድሞ ይጀመራል። ብቅሉ አንድ ወር ሲቀረው ይዘጋጅ። ገብሱ ይነከራል፣ ተሸፍኖ ይበቅላል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ክረምት ከሆነ ፀሐይ ስለሌለ ጊዜ ጨምሩበት፤ የሻገተ ብቅል ጠላውን ያበላሸዋል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጌሾው ይጠነሰስ። በቀናት ልዩነት ብቅሉና ቂጣው ይገባል፤ ቀጥሎ እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይጨመርበትና ጋኑ ይታሰራል። በቆላው፣ ሸዋ ሮቢት በመሰለ ቦታ፣ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ግን ብርዱ ያዘገየዋል። ስለዚህ ከቆላ ዘመድ የሰማችሁትን የቀን ቁጥር ደጋ ላይ አትጠቀሙበት። ጋኑን ከወለሉ ላይ አንሱት፤ ድርቆሽ ወይም ጆንያ ከሥሩ ይሁን።

ለሥጋው ካገሩ አትውጡ። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ሥጋዋ ግን ይጣፍጣል። ብዙ እንግዳ ካለና አቅም ከፈቀደ የጅሩ ሰንጋ ስሙ የታወቀ ነው። ጤፉ ከምንጃር ከመጣ እንጀራው አያሳፍርም። የገብስ እንጀራ ማቅረብም ደጋ ላይ ነውር አይደለም። መጠኑን ለመገመት የዕድሩን ወጥ ቤት ሴቶች ጠይቁ። ለስንት ሰው ስንት ቡሃቃ ሊጥ፣ ስንት ድስት ወጥ እንደሚበቃ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚሏችሁንም ስሙ። «ይበቃል» ሲሉ ይበቃል።

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በካራ ቆሬ በኩል የሙስሊም ጎረቤት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ለቅሶው ላይ አብረው የቆሙ ሰዎች መታሰቢያው ላይ ተርበው አይዋሉ። ለእነሱ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ፣ ለብቻው ዕቃ፣ የራሳቸው ወጥ ሠሪ ይዘጋጅ። በዓይናቸው እያዩ ይሠራ። ቦታውም ጓዳ ሳይሆን ከሁሉ ጋር ከድንኳኑ ውስጥ ይሁን።

ድንኳኑ ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ። ገመዱ እስከ መጨረሻው ይወጠር፤ ከሰዓት በኋላ የደብረ ብርሃን ነፋስ ይነሳል።

የዕለቱ አካሄድ

ከሌሊቱ ቤተሰቡ ቅዳሴ ይቆማል። ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ይኬዳል፤ ካህናቱ ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ ሐውልቱ ይባረካል። ሻማ የሚያበራው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለትንሹ የልጅ ልጅ ብትሰጡት ቀኑን አይረሳውም።

ከዚያ ወደ ቤት። ካህናቱና ነዳያን ይቅደሙ። «ቆይ ዘመዱ ይብላና የተረፈው ለድኻ» የሚባለው ተዝካሩን ትርጉም ያሳጣዋል። ነዳያን በዚያው ገበታ፣ በዚያው ሰሃን፣ ተቀምጠው ይብሉ። ዳቦው ተባርኮ ይቆረስ፤ ጠላው ይቀዳ።

የሕይወት ታሪኩ የሚነበበው መቼ ነው? ሁሉም ተቀምጦ፣ ገና ሳይበላ። ሲበላ ሰው አይሰማም፤ ከበላ በኋላ ደግሞ ይሄዳል። ካህኑ የማዕድ ጸሎት ከማድረጋቸው በፊት አምስት ደቂቃ ጠይቋቸው። አንባቢው ድምፁ ጥሩ የሆነ፣ ሳይሰበር ሊያነብ የሚችል ሰው ይሁን። ልጅየው ሊያነብ ከፈለገ አጠገቡ ሁለተኛ ቅጂ የያዘ ሰው ይቁም፤ እንባ ከቀደመው ይቀጥልለታል። ማይኩ ቀድሞ ይሞከር።

ከንባቡ በኋላ ሁለት ሰው፣ ከሁለት በላይ አይሁን፣ የሚያውቁትን ይናገሩ። አልቃሽ ካለች ሙሾዋን ታውርድ። በየአገሩ ሙሾ የሚያወርዱ ሰዎች እየቀነሱ ነው። የምትለውን በስልክ ቅረጹት፤ ስለ ሟቹ እዚያው የገጠመችው ግጥም ሌላ ቦታ አይገኝም።

ቆሞ የሚቀረው

ከጣሪያው ገንዘብ ላይ ትንሽም ብትሆን ለዚህ ከፍላችሁ አስቀሩ። የምትሠሩትን ነገር ግን ከእናንተ ፍላጎት ሳይሆን ከቦታው ችግር ጀምሩ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱና ርዕሰ መምህሩን ምን እንደጎደለ ጠይቁ። መጽሐፍ ይዛችሁ ከመጣችሁ በኋላ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ እንደሌለ መስማት ያሳዝናል። ምንጭ ማጎልበት ካሰባችሁ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት አማክሩ። ገንዳውን ማን እንደሚያጥበው፣ ቧንቧው ሲሰበር ማን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ስሙን የሚይዘው ሰሌዳ ትንሽ ይሁን።

ገንዘብ ከሌለ ዛፍ አለ። ሐምሌ ላይ ይተከላል። ደጋው ላይ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፤ ዝቅ ሲል ዋንዛ። ባሕር ዛፍ ለመታሰቢያ አይሆንም፤ ነገ ይቆረጣል። የጣርማ በርና የወፍ ዋሻ ደን ያየ ሰው ጥድ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከሆነ አስተዳዳሪው ቦታውን ያሳዩዋችሁ። ጉድጓዱን ቀደም ብላችሁ ቆፍሩ። በእሾህ እጠሩት፤ ፍየል ከገባች በአንድ ጠዋት ታጠፋዋለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ስሙ ይጻፍ። ያልተጠየቀ ሰው አያጠጣም።

በማግስቱ

የዕድሩ ሰሃንና ብርጭቆ ተቆጥሮ ይመለስ፤ የተሰበረው ይከፈል። ወጥ ቤት የዋሉት ሴቶች ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ይመስገኑ። ማን እንደመጣ፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ በደብተር ላይ ይጻፍ። ብድር በምድር ነው፤ የእነሱ ቀን ሲደርስ ታያላችሁ።

የሕይወት ታሪኩን ረጅም ቅጂ ቢያንስ በአራት አሳትሙ። አንዱ ታላቁ ልጅ ቤት፣ አንዱ ገጠር ያለው ወንድም ቤት፣ አንዱ ውጭ አገር፣ አንዱ አጥቢያው ጋር ይቀመጥ። የሽማግሌዎቹን ድምፅ ከስልኩ አውጡና ፍላሽ ላይ አድርጉት፤ ስልክ ይጠፋል። ፍላሹን ከሜዳልያው፣ ከፎቶዎቹና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ጋር በአንድ ፖስታ አሽጉ። ፖስታው ላይ የሰባት ዓመቱን ቀንና ያኔ አስታዋሽ የሚሆነውን ሰው ስም ጻፉበት።